ዕቃው በምን ስም ነው የሚገባው? ስለ ታሪፍ ምደባ የወልቂጤና የቡታጅራ ነጋዴ ሊያውቀው የሚገባ

ዓረፋ ሁለት ወር ሲቀረው በወልቂጤም ሆነ በቡታጅራ የልብስ ነጋዴው ጥያቄ አንድ ነው፤ ዕቃው ይደርሳል ወይስ አይደርስም? ከአዲስ አበባ፣ ከየክልሉ ከተሞችና ከውጭ አገር ጭምር ወደ ትውልድ ቀዬው የሚመለሰው ሰው ለእናቱ ሻል፣ ለእህቱ አባያ፣ ለአባቱ ጀለቢያ፣ ለቤቱ መስገጃ ይዞ መግባት ይፈልጋል። የጉራጌና የስልጤ ነጋዴ የዓመቱን ትልቅ ገበያ የሚያየው በእነዚህ ጥቂት ሳምንታት ነው። በዓሉ ባለፈ በሦስተኛው ቀን የደረሰ አባያ መጋዘን ውስጥ የሚተኛ ገንዘብ ነው፤ ያውም ብዙ ጊዜ የሦስት የአራት ሸሪክ ገንዘብ።

ዕቃ የሚያዘገዩ ምክንያቶች ብዙ ናቸው። የውጭ ምንዛሪ፣ የመርከብ መርሐ ግብር፣ የጅቡቲ መንገድ፤ እነዚህ ከነጋዴው እጅ ውጭ ናቸው። በዚህ ጽሑፍ የምናነሳው በነጋዴው እጅ ያለውን፣ ነገር ግን ብዙዎች "ትራንዚተሩ ያውቀዋል" ብለው የሚተዉትን ጉዳይ ነው። ይኸውም ዕቃው በጉምሩክ ፊት በየትኛው ስምና በየትኛው ቁጥር እንደሚመደብ ነው። ሞጆ ደረቅ ወደብ ላይ ድንገት የሚመጣው ተጨማሪ ቀረጥ፣ ቅጣትና የመጋዘን ኪራይ ሥሩ ሲፈለግ በተደጋጋሚ የሚገኘው እዚህ ላይ ነው። ኢንቮይሱ ላይ "የሴቶች ልብስ፣ 4,000 ፍሬ" ተብሎ ብቻ ተጽፎ ይመጣል። ፈታሹ ኮንቴይነሩን ሲከፍት አባያ፣ የሹራብ ሂጃብ፣ የሺፎን ሻልና ጥቂት ካርቶን ሽቶ ያገኛል። ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ የነጋዴው መሆኑ ይቀራል።

ቁጥሩ ምንድን ነው?

በዓለም አቀፍ ንግድ ውስጥ የሚንቀሳቀስ ዕቃ ሁሉ ኤች ኤስ ኮድ የሚባል የመለያ ቁጥር አለው። ቁጥሩን የሚያወጣው መቀመጫው ብራስልስ የሆነው የዓለም የጉምሩክ ድርጅት ሲሆን፣ አሠራሩ እ.ኤ.አ. ከ1988 ጀምሮ በሥራ ላይ ነው። ከ200 በላይ አገሮችና የጉምሩክ ግዛቶች ይጠቀሙበታል። የመጀመሪያዎቹ ስድስት አኃዞች በጓንግዙም፣ በኢስታንቡልም፣ በዱባይም፣ በሞጆም አንድ ናቸው። ከስድስቱ በኋላ እያንዳንዱ አገር የራሱን ይጨምራል፤ የኢትዮጵያ የታሪፍ መጽሐፍ ባለ ስምንት አኃዝ ነው። ስለዚህ ላኪው ከቻይና "ኮዱ ይኸውላችሁ" ብሎ ባለ አሥር አኃዝ ቁጥር ቢልክላችሁ፣ ስድስቱ ለመነሻ ይጠቅማሉ፤ የቀሩት ግን የቻይና እንጂ የእኛ አይደሉም።

ቁጥሩ የሚነበበው ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከሰፊው ወደ ጠባቡ ነው። የመጀመሪያዎቹ ሁለት አኃዞች ምዕራፉን፣ አራቱ አንቀጹን፣ ስድስቱ ንዑስ አንቀጹን ያመለክታሉ። በልብስ ንግድ ላይ ላለ ሰው ከሁሉ በፊት መታወቅ ያለበት የምዕራፍ 61 እና የምዕራፍ 62 ልዩነት ነው። 61 የሹራብ ሥራ ነው፤ ክሩ እንደ ቀለበት እርስ በርሱ እየተያያዘ የተሠራ፣ ሲስቡት የሚለጠጥ። 62 የሽመና ሥራ ነው፤ ድርና ማግ ያለው።

ሂጃብን እንውሰድ። የሺፎን ሻል የተሸመነ ስለሆነ 6214 ውስጥ ይገባል። ቡታጅራ ላይ ወጣት ሴቶች አብዝተው የሚጠይቁት፣ ሲጠመጠም የማይንሸራተተው የጀርሲ ሂጃብ ግን የሹራብ ሥራ ነው፤ ምድቡ 6117 ነው። ሁለቱም በሱቃችን ቋንቋ "ሻል" ወይም "ሂጃብ" ናቸው፤ ሁለቱም በአንድ መደርደሪያ ላይ ይቀመጣሉ። ለጉምሩክ ግን ሁለት የተለያዩ ዕቃዎች ናቸው። ማጉያ መነጽር ይዞ አንዱን ፍሬ በሁለት ጣት ለጠጥ አድርጎ ማየት የሁለት ደቂቃ ሥራ ነው። ይህ ሥራ መሠራት ያለበት ናሙናው ከላኪው በመጣ ዕለት ነው፤ ኮንቴይነሩ ሞጆ ሲደርስ ጊዜው አልፏል።

ኮዱ የሚወስነው ቀረጡን ብቻ አይደለም። ዕቃው የተከለከለ መሆኑን፣ ከየትኛው መሥሪያ ቤት ፈቃድ እንደሚያስፈልገው፣ አንዳንዴም ባንክ የውጭ ምንዛሪ ይፈቅድለት እንደሆነ ይወስናል። በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ 38 የዕቃ ዓይነቶች ላይ የውጭ ምንዛሪ ክልከላ በተጣለ ጊዜ ነጋዴው ዕቃው ከዝርዝሩ ውስጥ ይግባ አይግባ የለየው በዚሁ ቁጥር ነበር። ክልከላው በሐምሌ 2016 ከምንዛሪ ለውጡ ጋር ተነሥቷል፤ አሠራሩ ግን ያው ነው።

ትንሿ ልዩነት እንዴት ትልቅ ትሆናለች?

"የቀረጥ ልዩነቱ ጥቂት ነው" የሚል ነጋዴ ስሌቱን እስከ መጨረሻው ያልተከተለ ነው። በኢትዮጵያ የገቢ ዕቃ ግብር የሚሰላው እየተደራረበ ነው። መጀመሪያ የጉምሩክ ቀረጥ አለ፤ እንደ ዕቃው ከዜሮ እስከ 35 በመቶ ይደርሳል። ኤክሳይዝ ያለበት ዕቃ ከሆነ ኤክሳይዙ በዚያ ላይ ይጨመራል። ከዚያ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ በተደመረው ላይ ይሰላል። ከዚያ ደግሞ 10 በመቶ ሱር ታክስ፣ ቫቱን ጨምሮ እስከዚያ በተጠራቀመው ሁሉ ላይ ይመጣል። ቅድመ ግብሩና የማኅበራዊ ልማት ቀረጡ ለብቻቸው አሉ።

በቁጥር እንየው። ዋጋው፣ ማጓጓዣውና ኢንሹራንሱ ተደምሮ አንድ ሚሊዮን ብር የሆነ ዕቃ አለ እንበል። ነጋዴው 10 በመቶ ቀረጥ ባለው ኮድ አስቦ ገዝቷል። ቀረጡ 100,000 ብር፣ ቫቱ 165,000፣ ሱር ታክሱ 126,500፤ ድምሩ 391,500 ብር ነው። ጉምሩክ ዕቃውን አይቶ "ይህ 35 በመቶ ያለበት ነው" ቢል ቀረጡ 350,000፣ ቫቱ 202,500፣ ሱር ታክሱ 155,250 ይሆናል፤ ድምሩ 707,750 ብር። ልዩነቱ 316,250 ብር ነው። ቀረጡ የተለያየው በ25 ነጥብ ነው፤ ኪስ ላይ የደረሰው ግን ከ31 በመቶ በላይ ነው። እያንዳንዱ የቀረጥ መቶኛ መጨረሻ ላይ 1.265 ሆኖ ይመጣል። በዚህ ላይ ቅጣቱና የወደብ ኪራዩ አልተደመረም።

ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ነገሩ ከብዷል። ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን በተደረገ ጊዜ አንድ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ በአጭር ጊዜ ከ100 ብር በላይ ሆኗል። ቀረጡ የሚሰላው በብር በተመነዘረው ዋጋ ላይ ስለሆነ፣ ቀድሞ በመቶ ሺህ ይታይ የነበረ የምደባ ስሕተት ዛሬ በዚያው የዶላር ዋጋ እጥፍና ከዚያ በላይ ነው።

ከዚህም የሚከፋው ዕቃው ከወጣ በኋላ የሚመጣው ነው። የጉምሩክ ኮሚሽን ዕቃው ተለቆ ከወጣ በኋላ ሰነድ እንደገና የሚመረምርበት ኦዲት አለው። ያኔ አባያው ተሽጧል፤ ዋጋው የተተመነው በመጀመሪያው ቀረጥ ነበር። ከገዢው ተመልሶ የሚጠየቅ ነገር የለም፤ ልዩነቱ በሙሉ ከነጋዴው ካፒታል ይወጣል። "እንዲያው አልፎልኛል" የሚባለው ነገር ያለፈ ላይሆን ይችላል ማለት ነው።

በተቃራኒውም ይሠራል። ከፍተኛ ቀረጥ ባለው ኮድ በስሕተት አስመዝግቦ ለዓመታት ሲከፍል የኖረ ሰው ማንም አያስጠነቅቀውም። ከልክ በላይ የከፈለ አስመጪ ቅጣት ስለማይመጣበት ስሕተቱን ሳያውቅ ይኖራል፤ ጎረቤቱ ለምን በርካሽ እንደሚሸጥም አይገባውም።

ስሙ አንድ፣ ምድቡ ሌላ

በእኛ ገበያ ከሚያምታቱት ዕቃዎች ጥቂቶቹን እንይ።

አባያና ሻሉ በአንድ ከረጢት ታሽጎ፣ በአንድ ዋጋ፣ እንደ አንድ ዕቃ ይሸጣል። ብዙ ነጋዴ "ሴት" ብሎ በአንድ መስመር ያስመዘግበዋል። በኤች ኤስ ሕግ ግን በተለያየ አንቀጽ ሥር የሚወድቁ አልባሳት ለችርቻሮ በአንድ ቢታሸጉም እያንዳንዳቸው በየራሳቸው አንቀጽ ይመደባሉ። ስለዚህ ኢንቮይሱ ላይ አባያው በአንድ መስመር፣ ሻሉ በሌላ መስመር፣ ዋጋቸውም ተከፍሎ መጻፍ አለበት። ይህን ላኪው ካላደረገው ዋጋውን በግምት የሚከፍለው ሌላ ሰው ነው፤ ግምቱ ደግሞ ለነጋዴው እንዲያደላ የሚጠበቅ ነገር የለም። አባያው ራሱ ፊቱ የተዘጋ ከሆነ የሴት ቀሚስ ከሚባለው ምድብ ጋር ይሄዳል፤ ፊቱ ክፍት ሆኖ ከላይ የሚደረበው ደግሞ የሚደረብ ልብስ ነው ወይስ ቀሚስ የሚል ክርክር ያስነሣል። እንዲህ ያለው በጥርጣሬ የሚታይ ዕቃ አስቀድሞ ሊጠየቅበት ይገባል፤ እንዴት እንደሚጠየቅ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

መስገጃ ሌላው ነው። በእጅ የተቋጠረው 5701፣ በሽመና የተሠራው 5702፣ በመርፌ ጭራው የተተከለው 5703 ነው። ከሥሩ ስፖንጅ ያለው፣ ሥዕሉ የታተመበት ቀጭኑ መስገጃ ደግሞ አሠራሩ ታይቶ የሚወሰን ነው። "መስገጃ" የሚለው ስም ለምን እንደሚያገለግል ይነግራል፤ ታሪፉ የሚጠይቀው እንዴት እንደተሠራ ነው። ይህን ልዩነት የያዘ ሰው ከግማሽ በላይ መንገድ ሄዷል ብንል ማጋነን አይሆንም።

ለረመዷን የሚመጣው ቴምር ቀላል ነው፤ እሸትም ሆነ ደረቅ 0804 ነው። ነገር ግን በቸኮሌት የተለበጠው የስጦታ ቴምር ከፍራፍሬ ምዕራፍ ወጥቶ 1806 ውስጥ ይገባል። ከዱባይ አንድ መቶ ካርቶን ሲታዘዝ ሃያው የስጦታ ከሆነ፣ ሃያው በራሱ መስመር ይጻፍ።

ልባሽ ጨርቅ ወደ አገር ማስገባት የተከለከለ መሆኑን ሁሉም ያውቃል። አደጋው ያለው "ስቶክ" በሚል ስም ነው። በታሪፉ 6309 ውስጥ የሚወድቀው ጨርቅ ሁለት ነገር የሚታይበት ነው፤ የመለበስ ምልክት ያለው፣ ከዚያም በጅምላ ወይም በቦንዳ፣ በጆንያና በመሳሰለው ታጭቆ የቀረበ። አዲስ ሆኖ ሞዱ ያለፈበት ልብስ ስቶክ ቢባልም ልባሽ አይደለም። ይሁንና በቦንዳ ተጠፍሮ፣ መለያ ወረቀቱ ተቆርጦ ከመጣ አዲስ መሆኑን የማስረዳቱ ሸክም የባለ ዕቃው ነው። ላኪውን መለያውን እንዳይቆርጥ፣ በካርቶን እንዲያሽግ መንገር ምንም ወጪ የለውም።

ተፈታትቶ የሚመጣ ዕቃም አለ። አልጋ፣ ቁም ሣጥን፣ ባለ ሦስት እግር ተሽከርካሪ። "መለዋወጫ ብለን እናስገባው" የሚለው ምክር በመርካቶም በወልቂጤም የታወቀ ነው። የታሪፍ አተረጓጎም ሁለተኛው ደንብ ግን ይህን አስቀድሞ አስቦበታል፤ ተፈታትቶ የቀረበ ሙሉ ዕቃ እንደ ተገጠመ ዕቃ ይመደባል። ይህ የምደባ ብልሃት መስሎት የሚሞክር ሰው ወደ ሐሰተኛ ዲክላራሲዮን እየገባ መሆኑን ይወቅ፤ እዚያ ላይ ነገሩ ከቀረጥ ልዩነት አልፎ በሕግ የሚያስጠይቅ ነው።

በአንድ ኮንቴይነር የሚመጡ ሸሪኮች

ከወልቂጤና ከቡታጅራ የሚነሣ መካከለኛ ነጋዴ ብቻውን ኮንቴይነር አይሞላም። ሦስት አራት ሆነው፣ በአንደኛው የአስመጪነት ፈቃድ፣ በአንድ ቢል ኦፍ ሎዲንግ ያመጣሉ። በመልቲሞዳል ሥርዓት ዕቃው በአንድ ሰነድ ከመነሻው ወደብ በጅቡቲ አልፎ እስከ ሞጆ ይመጣል። ከዚያ ለቡታጅራው በዝዋይ በኩል፣ ለወልቂጤው በአዲስ አበባ በኩል በመኪና ይቀጥላል። አሠራሩ ጥሩ ነው፤ ችግሩ ጉምሩክ ፊት የሚቆመው አንድ ስም ብቻ መሆኑ ነው።

አንዱ ሸሪክ ለሌሎቹ ሳይናገር ሦስት ካርቶን ሽቶ ወይም ስልክ በልብሱ መካከል ቢያስገባ፣ የሚቆመው ኮንቴይነሩ በሙሉ ነው። የሌሎቹ ሻል ንጹሕ ቢሆንም አብሮ ይጠብቃል፤ የወደብ ኪራዩም በየቀኑ በሁሉም ላይ ይቆጠራል። የተደበቀው ዕቃ ቀረጥ ሃምሳ ሺህ ብር ቢሆን፣ ያጠፋው የዓረፋ ገበያ ግን ሚሊዮኖች ሊሆን ይችላል። ይህ ግልጽ የአማና ጉዳይ ነው። ስለዚህ ሸሪኮች ከመጫኑ በፊት የእያንዳንዱን ካርቶን ይዘት የሚያሳይ አንድ የጋራ ፓኪንግ ሊስት ይፈራረሙ። በምደባ ስሕተት የሚመጣ ወጪም ባለ ዕቃው ብቻ የሚሸከመው መሆኑን በጽሑፍ ያስቀምጡ። በቃል መተማመን የጉራጌ ነጋዴ ትልቅ ሀብት ነው። ዘመድ ከዘመድ ሲሠራ ወረቀት መጻፍ እንደ አለመተማመን የሚቆጥርም አለ፤ በእኛ እምነት ግን መጻፉ ዘመድነቱንም ይጠብቃል።

ከወለድ ነፃ ፋይናንስ የሚጠቀሙም አንድ ነገር ያስተውሉ። እንደ ዘምዘምና ሂጅራ ባሉ ባንኮች በሙራበሓ ሲገዛ፣ ዕቃውን መጀመሪያ የሚገዛው ባንኩ ነው፤ የተገዛበት ዋጋና የባንኩ ትርፍም ተለይቶ ይታወቃል። የዕቃው መግለጫ በሙራበሓ ውሉ፣ በኢንቮይሱና በዲክላራሲዮኑ ላይ አንድ ዓይነት መሆን አለበት። ምደባው ተለውጦ ተጨማሪ ቀረጥ ቢመጣ ማን እንደሚሸፍነውም ውሉ ከመፈረሙ በፊት ተጠይቆ ይጻፍ።

የመርከቡና የአውሮፕላኑ ምድብ

እስካሁን ያየነው የጉምሩክን ምደባ ነው። አጓጓዡም የራሱ ምደባ አለው፤ ሁለቱን ማምታታት የተለመደ ነው።

አውሮፕላን የሚያስከፍለው በክብደት ወይም በሚይዘው ቦታ ነው፤ ከሁለቱ በሚበልጠው። በካርጎ የተለመደው ስሌት ርዝመት በወርድ በቁመት በሴንቲ ሜትር ተባዝቶ ለ6,000 መክፈል ነው። 60 በ50 በ40 የሆነ ካርቶን 20 ኪሎ ይሆናል። ውስጡ 12 ኪሎ ሻል ቢኖርም ክፍያው የ20 ነው። ፈጣን መልእክት አድራሾች ለ5,000 ሲያካፍሉ ያው ካርቶን 24 ኪሎ ይሆናል። ለዚህ ነው ልብስ አየሩ ተስቦ በሚጨመቅ ከረጢት የሚታሸገው። በመርከብ ከሌሎች ጋር ተቀላቅሎ የሚጫን ዕቃ ደግሞ በኩቢክ ሜትር ወይም በቶን፣ በሚበልጠው ይሰላል። በአሜሪካ ያሉ ወገኖቻችን ዕቃ ወደ ወደብ በጭነት መኪና ሲልኩ ሌላ ምድብ ይገጥማቸዋል፤ ከ50 እስከ 500 የሚደርስ የጭነት ክፍል ሲሆን፣ ከሐምሌ 2017 ዓ.ም. ወዲህ ለብዙ ዕቃዎች በ13 የእፍጋት ደረጃ እንዲወሰን ተደርጓል። ልኬቱን አሳንሶ የተናገረ ሰው መጋዘን ላይ እንደገና ተለክቶ ልዩነቱን ከነቅጣቱ ይጠየቃል።

ከሁሉ በላይ ጥንቃቄ የሚፈልገው አደገኛ ዕቃ የሚባለው ነው። አልኮል ያለበት ሽቶ በዓለም አቀፍ አሠራር ዩኤን 1266 ተብሎ በተቀጣጣይ ፈሳሽ ክፍል ይመደባል። አልኮል የሌለበት የዘይት ዓጥር ግን የግድ እንደዚያ አይደለም፤ የሚወስነው እንፋሎቱ እሳት የሚይዝበት የሙቀት መጠን ነው፤ በዚህ መለኪያ 60 ዲግሪና ከዚያ በታች የሚይዘው ተቀጣጣይ ይባላል። አምራቹን የደኅንነት መረጃ ሰነዱን ጠይቁት፤ ኤም ኤስ ዲ ኤስ ይሉታል፣ ቁጥሩ እዚያ ላይ ተጽፏል። ለጉምሩክ ግን ሁለቱም ሽቶ ናቸው፤ ምድባቸው 3303 ነው። የሚጤሰው የተዘጋጀ በኹር ደግሞ 3307 ነው። ፓወር ባንክ እንደ ሊቲየም ባትሪ ይቆጠራል። እንዲህ ያለ ለብቻው የሚላክ ባትሪ እ.ኤ.አ. ከሚያዝያ 2016 ጀምሮ በመንገደኛ አውሮፕላን በጭነትነት አይሄድም። "የስልክ ዕቃ" ብሎ ማስመዝገብ ጭነቱን መነሻው ላይ ያስቀረዋል፤ አውሮፕላን ላይ እሳት ቢነሣ ደግሞ የሰው ሕይወት ነው።

መቼና እንዴት ይጠየቅ?

ጊዜው ከማዘዝ በፊት ነው። ናሙናው፣ ፎቶው፣ የጨርቁ ይዘት በመቶኛ፣ አሠራሩና ለምን እንደሚያገለግል በአንድ ገጽ ተጽፎ ፈቃድ ላለው የጉምሩክ አስተላላፊ ይሰጥ። እርሱም ስምንቱን አኃዝና የመረጠበትን ምክንያት በጽሑፍ ይመልስ። "በዚህ ኮድ ሁሌ ይወጣል" የሚለው ምክንያት አይደለም፤ ሌላው ሰው በዚያ ኮድ ያወጣው ዕቃ የእናንተ ዕቃ መሆኑን ማንም አላረጋገጠም።

ዕቃው የሚያጠራጥር ከሆነ የጉምሩክ ኮሚሽን ከማስገባት በፊት በታሪፍ ምደባ ላይ የቅድሚያ ውሳኔ የሚሰጥበት አሠራር አለ፤ አድቫንስ ሩሊንግ ይሉታል። በየዓመቱ ያንኑ ክፍት አባያ ወይም ያንኑ የስፖንጅ መስገጃ ለሚያመጣ ነጋዴ ከዚህ የሚሻል ነገር የለም፤ አንድ ጊዜ ተጠይቆ የተገኘ መልስ ከትራንዚተር ግምትም ከፈታሽ አመለካከትም ይልቅ ይጸናል። የሚያሳዝነው በገበያችን ውስጥ ስለዚህ ሲወራ ብዙም አይሰማም።

ሞጆ ላይ የምደባ ክርክር ከተነሣ መጀመሪያ የሚጠየቀው ውሳኔው በጽሑፍ እንዲሰጥ ነው። ቅሬታ በየደረጃው ይቀርባል፤ ክርክሩ እስኪያልቅ ዕቃው በዋስትና ወይም በተያዘ ክፍያ ሊለቀቅ ይችል እንደሆነ በዚያው ዕለት ጠይቁ። ነፃ ቀናቱ ካለቁ በኋላ በየቀኑ የሚቆጠረው የመጋዘንና የኮንቴይነር ኪራይ ክርክሩን ብታሸንፉም ትርፉን ሊበላው ይችላል።

ከቡታጅራ የሚወጣውስ?

ምደባ የአስመጪ ጉዳይ ብቻ አይደለም። ቡታጅራና አጎራባቿ ማረቆ በበርበሬ የታወቁ ናቸው፤ "ማረቆ ፋና" የሚባለው ዝርያም ስሙን ከዚያው አገር ይዟል። ያልተፈጨው ደረቅ ዛላ 0904.21፣ የተፈጨው 0904.22 ነው። ከኮረሪማ፣ ከዝንጅብልና ከሌላ ቅመም ጋር ተደልዞ የተዘጋጀው የወጥ በርበሬ ግን ወደ ቅመም ድብልቅ፣ 0910.91 ይሄዳል። ጨው መጨመሩ ብቻውን ምድቡን አይለውጠውም። ነጭ ሽንኩርቱና ሌላው ነገር በዝቶ የቅመምነት ጠባዩን ከቀየረው፣ ወይም እንደ ድልህ ለምግብነት የተዘጋጀ ሆኖ ከቀረበ፣ ምድቡ 2103 ይሆናል። አንድ እናት በአንድ ቀን የምታዘጋጀው ሦስት ዓይነት በርበሬ ሦስት ኮድ አለው ማለት ነው።

ይህ በአውሮፓ በኩል ከባድ ትርጉም አለው። የአውሮፓ ኅብረት ደንብ 2019/1793 ከኢትዮጵያ የሚሄዱ በ0904 እና በ0910 ሥር ያሉ ቅመሞችን ለአፍላቶክሲን በድንበር ላይ ተጨማሪ ቁጥጥር ከሚደረግባቸው ምርቶች ዝርዝር ውስጥ አስገብቷል። ለደረቅ በርበሬ የተፈቀደው ጠቅላላ የአፍላቶክሲን መጠን በኪሎ 10 ማይክሮ ግራም ነው። "የምግብ ዕቃ" ብሎ በጅምላ ስም የላከ ሰው ቁጥጥሩን አያመልጥም፤ ሰነዱ ከዕቃው ጋር ስለማይገጥም ጭነቱ ወደቡ ላይ ይቆያል፤ ኪራዩንም ይከፍላል። መሬት ላይ የተሰጣ በርበሬ እርጥበት ይዞ ሻጋታ እንዳበቀለ የላከ ሰው ደግሞ ኮዱን በትክክል ቢጽፍም አይድንም።

ወደ አሜሪካ ለዘመድ የሚላከውም ተለውጧል። እስከ 800 ዶላር የሚደርስ ጥቅል ያለ ቀረጥ የሚገባበት አሠራር ከነሐሴ 23 ቀን 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ቆሟል። ከግለሰብ ለግለሰብ የሚላክ፣ ዋጋው ከ100 ዶላር የማይበልጥ ስጦታ ግን በስጦታነቱ የሚታይበት ቦታ ቀርቶለታል። ስለዚህ ለልጃቸው አምስት ኪሎ በርበሬ፣ ሁለት ሻልና አንድ የሐበሻ ቀሚስ የሚልኩ እናት፣ በፖስታ ቤቱ ቅጽ ላይ "የግል ዕቃ" ብለው ብቻ እንዳያልፉ የሚረዳቸው ሰው ያስፈልጋቸዋል። የተፈጨ ደረቅ በርበሬ፣ ኪሎው፣ ዋጋው፤ የጥጥ ሻል፣ ስንት ፍሬ፣ ዋጋው፤ የጥጥ ቀሚስ፣ አንድ ፍሬ፣ ዋጋው፤ ከዚያ "ስጦታ" የሚለው ሣጥን ላይ ምልክት ይደረግ።